ማጣሪያ ሲመርጥ የከረመው ሰው

አንድ ሰው ነበረ፤ ቤቱን ሲያድስ የውሃ ማጣሪያ መምረጥ አቅቶት ሚስቱን ሊያሳብዳት የደረሰ። ቆዪኝ ትርሲት፣ ልሳቅና ልቀጥልልሽ። ይህን ሰው ባሰብኩት ቁጥር ሳቄ ይቀድመኛል፤ ዋናው ደግሞ ያለው ኋላ ነው፣ ቀድሜ ካወጣሁት ይበላሽብኛል። ከታናሽ እህትሽ ጋር ከተኳረፍሽ ወዲህ መካሪ ስታማርጪ ከርመሽ፣ «አክስቴ፣ የማንን ምክር ብሰማ ይሻለኛል?» ብለሽኝ የለ? መልሱ ይህ ሰው ነው። ሻይሽን ይዘሽ ስሚኝ።

ሰውየው እናት ነበረችው፤ ገጠር፣ ብቻዋን፣ ዓይኗ እየደከመ የምትኖር። አንድ ጊዜ አምጥቷት የቤቱን ውሃ ብትጠጣ ሆዷን ቆርጧት ሰነበተች፤ ከዚያ ውሃችሁ ሳይጸዳ ደግሜ አልመጣም ብላ አገሯ ገባች። እሱም እናቴ ገደል ገባች ሲሉኝ ከምሰማ አለና ቤቱን ከነቧንቧው ሊያድስ ተነሣ። አሳቡ መልካም ነው። ክፉ ነው አላልኩም።

ግድግዳው ፈረሰ፣ ኮርኒሱ ወረደ። ሚስትየዋ ልጆቿን በሲሚንቶና በሴራሚክ ካርቶን መሃል እያስተኛች፣ ድስቷን ከአቧራ በሻርፕ እየሸፈነች፣ ይህም ያልፋል ብላ ቻለችው። መታጠቢያ ቤቱ አለቀ፣ ቧንቧው ተዘረጋ፣ የቀረው ለቤቱ ሁሉ የሚሆን አንድ ማጣሪያ ነበር። ሰውየው እዚያ ላይ ተገተረ።

አንዱ ሻጭ በአሸዋ የሚያጣራው ይበልጣል ይለዋል። ሌላው ከሰል ያለበትን ካልገዛህ ገንዘብህን ጣልከው ይለዋል። አንዱ ደግሞ ጀርሙን በመብራት የሚገድል አለ ብሎ እንቅልፍ ነሳው። ከየሱቁ የተጣራ ውሃ በፕላስቲክ እያመጣ፣ በየብርጭቆው እየቀዳ፣ ያገኘውን ሁሉ ቅመስና ፍረድ ይላል። ቀለም ቀቢው ብሩሹን ጥሎ ውሃ ሲቀምስ ይውላል። ጠበል ሊረጩ የመጡት ቄስ ሳይቀሩ ከየብርጭቆው ጠጥተው፣ ሁሉም ውሃ ውሃ ይላል ልጄ ብለው ሄዱ። እናቱ ከገጠር እየደወለች ውሃው ደረሰ ወይ ትላለች። እየመረጥኩልሽ ነው ይላታል። ሚስትየዋ ይህን በሰማች ቁጥር ጥርሷን ትነክሳለች።

አገሩን ሁሉ ሲጠይቅ ያልጠየቀው ከአጥር ማዶ ያለውን ጎረቤቱን ብቻ ነበር። ሰላምታ ካቋረጡ ቆይተዋል። የተጣሉበትን ልንገርሽ። በሰፈሩ ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው፤ ስለዚህ ከዓመታት በፊት ሰውየው ታንከር ገዝቶ ሰገነቱ ላይ ሲያወጣ ያገዘው ይኸው ጎረቤት ነው። ሰውየው እንዳያንሸራትተው የጎማ በረባሶውን እዚያው ላይ አወለቀ። ሥራው አልቆ ቢፈልገው አንዱ እግር የለም። ከእኔና ከእሱ በቀር እዚህ ማን ወጣ አለ። አግዞት የዋለውን ሰው ሌባ አደረገው። ሚስትየዋ ያኔም ታክቷት፣ «አንድ እግር ጫማ የሚሰርቅ አንድ እግር ያለው ሌባ ነው፤ ጎረቤታችን ሁለት አለው» ብትለው ተኮሳትሮ ቀረ።

ብቻ በመጨረሻ አሸዋውንም፣ ከሰሉንም፣ መብራቱንም አንድ ላይ የያዘ ማጣሪያ ገዛ። ቧንቧው ወደ ግቢ ከሚገባበት፣ ከቆጣሪው አጠገብ አስተከለው። መቼም ያምራል። እንግዳ ሲመጣ ከሳሎኑ በፊት የሚያስጎበኘው እሱን ነው። ውሃው በፈረቃው ቀን ይመጣል፣ በማጣሪያው አልፎ እንደ መስታወት ይጠራል፣ ከዚያ ሽቅብ ወጥቶ ታንከሩ ውስጥ ይተኛል። ቤቱ የሚጠጣው ከዚያ ከተኛው ነው። ታንከሩን ግን ከተሰቀለ ጀምሮ ከፍቶ ያየው የለም።

እናት መጣች። ልጇ በኩራት ቀድቶ ሰጣት፣ መርቃ ጠጣች። ብዙም ሳይቆይ ሆዷን ይዛ ተኛች። ትንሽ ቀና ስትል ጓዟን መቋጠር ጀመረች። ከብት የሚረግጠው ወንዛችን እንኳ እንዲህ አድርጎኝ አያውቅም፣ ከእንግዲህ የሚመጣውን በቤቴ ልቀበል አለች። ለዚያች ሴት ብቻዋን ወደዚያ ቤት መመለስ ምን እንደሆነ ሁሉም ያውቁታል። ሰውየው ማጣሪያውን በጥፊ መታው። ሻጩን በስልክ ሰደበው። ቀጥሎም ግድግዳውን እንደገና አስፈርሼ ከዚህ የሚበልጥ አስገባለሁ አለ።

እንደገና የሚለውን ስትሰማ ሚስትየዋ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አጥብቃ አሰረች፣ የቀለም ቀቢውን መሰላል ጎትታ ሰገነቱ ላይ አስደገፈችና ወጣች። ባልየው ከታች፣ ወድቀሽ ሌላ ጣጣ ታመጪብኛለሽ ይላል። እናት ጓዟን ታቅፋ በር ላይ ቆማለች። ጎረቤቱም በአጥሩ ላይ አንገቱን አስግጎ ያያል። ሴትየዋ ክዳኑን አነሣች። ፈረቃው ዘግይቶ ውሃው ጎድሎ ነበርና የታንከሩ ወለል ይታያል። ሽታው ፊቷን መታት። ጭቃ ነው፣ አረንጓዴ ዝቃጭ ነው፤ ከዝቃጩ መሃል አንድ ነገር ጎበጥ ብሎ ታያት። እንጨት ሰደደችበት።

እዚህ ላይ ልቁምና ወዳንቺ ልምጣ፣ ትርሲት። ሻጮቹ አልዋሹትም፤ ማጣሪያውም ሥራውን ሠርቷል። ላንቺም እንደዚያው ነው። የንስሐ አባትሽ ቃል ንጹህ ነው፣ ሽማግሌዎቹ የነገሩሽ ንጹህ ነው፣ የእኔም ቢሆን መርዝ የለበትም። ነገር ግን ሁሉም ሄዶ የሚተኛው አንቺ ሆድ ውስጥ ነው። እዚያ ታች፣ እህቴ በሠርጌ ቀን ሆን ብላ ቀረችብኝ የሚል ዝቃጭ ይዘሽ፣ በላዩ ምክር ታፈሺበታለሽ። ለምን እንደቀረች አንድ ቀን ጠይቀሻታል? አልጠየቅሻትም። ክዳኑን ከፍተሽ አላየሽም። ታዲያ የማንን ምክር ልስማ እያልሽ አታድክሚኝ፤ የሰማሽው ይበቃሻል። ታንከርሽን እጠቢ።

ሚስትየዋ ያገኘችውን አልነገርኩሽም አይደል? ዋናው ኋላ ነው ብዬሽ ነበር። ዝቃጩ እየተንጠባጠበ በእንጨቱ ጫፍ አንጠልጥላ አወጣችው። አማቷን አየች፣ ባሏን አየች፣ በአጥሩ ላይ ያለውን ጎረቤት አየች፤ ከዚያ እንዲህ አለች፦ «እማማ፣ ጓዝዎን ይፍቱ። አንተ ደግሞ ሂድና ጎረቤታችንን በአክብሮት ጥራው፤ ይህን ታንከር አብራችሁ እንደሰቀላችሁት አብራችሁ እጠቡት። ሰረቀኝ ያልከው በረባሶ ይኸውልህ፣ ስንጠጣው ኖረናል።»