አምባዛን ያስገባው ቆሮሶ

ሹልክ! አንተ አሁን የገባኸው፣ ቁጭ በል፤ ቆሮሶው ገና ከመረቡ እያመለጠ ነው። ዘመኑ ሩቅ ነው፤ አሳም መረብም አፍ የነበራቸው ጊዜ።

ይህ ቆሮሶ የሚሉት አሳ የሦስት ዓመት ጎልማሳ ነው፤ ቁመቱ ግን ከአውራ ጣት አይበልጥም። እሱና ሚስቱ ወለዱ፣ ልጆቻቸው ወለዱ፣ የልጅ ልጆቻቸውም ወለዱ፤ ኩሬው ጢም አለ። ምግቡ ግን ያው ነው፤ ስለዚህ የሚያድግ የለም።

«አንቺ መረብ! ዘንድሮም በቀዳዳሽ ወጣሁ!» አለ እየተውረገረገ።

«ሳቅ አንተ ኩታራ» አለች መረብ። «አምና ለሁዳዴ ባዶዬን ወጣሁ፤ ዘንድሮም ባዶዬን። ለሦስተኛ ጊዜ ከተደገመ ባለኩሬው ጋሽ ይርዳው ውሃውን አፍስሶ ቃሪያ ሊተክልበት ነው። ሲምል ሰምቻለሁ።»

ቆሮሶው መውረግረጉን ተወ። «ምን ይሻላል ታዲያ?»

«አምባዛን አስገባ።»

«ያንን በላተኛ?!»

አምባዛ፣ ያ ባለጢሙ አሳ በል አሳ፣ ከታች ወንዝ ነው የሚኖረው። ዝናብ ሲዘንብ በእርጥቡ ሣር ላይ እየተሳበ ይመጣል። ሁለት ክረምት መጥቶ «ልግባ?» ብሏል፤ ሁለቴም ቆሮሶዎቹ ወደ ኩሬው የሚያስገባውን የቦይ አፍ በጭቃ ደፍነው መልሰውታል። በሦስተኛው ክረምት ደግሞ መጣ።

«ልግባ?»

«አያ አምባዛ፣ ብትገባ ስንቱን ትበላለህ?»

«ያገኘሁትን። ምን እዋሻለሁ? አፌ የማይችለውን ግን አልነካም።»

ቆሮሶው ልጆቹን አየ። ሺህ ናቸው፤ ሺሁም ርቧቸዋል። ሚስቱን አየ። እንቁላሎቿን በአፏ ይዛ ስለነበር መናገር አልቻለችም፤ በግንባሯ ወደ ጭቃው ገፋችው።

ከቦዩ አፍ ጭቃውን ዛቀ፤ አምባዛም ገባ።

«ከሃዲ!» አለው የኩሬው አሳ ሁሉ። ያ ክረምት ከባድ ነበር፤ ጠዋት የነበረ ማታ የለም። የተረፈው ግን በላ። በላ፣ ጠገበ፣ ወፈረ፤ አምባዛውም አይቶት እንዳላየ ማለፍ ጀመረ።

ሁዳዴ ገባ፤ መረብ ተጣለች። ቆሮሶው እንደልማዱ ሹልክ ሊል ቢሞክር ትከሻው ተቀረቀረ!

«እሰይ! እሰይ!» አለች መረብ።

ጋሽ ይርዳው ቢጎትት ከበደው፤ ደግሞ ጎተተ። «ተመስገን! ቃሪያው ይቅር!» አለ። ቆሮሶዎቹን እያነሳ ቅርጫት ውስጥ ጨመረ። ከሁሉ ትልቁ፣ የኛው ቆሮሶ ጋ ሲደርስ በመዳፉ መዘነው፤ ቆሮሶው ዓይኑ ፈጠጠ። ጋሽ ይርዳው ግን ጎንበስ ብሎ ወደ ውሃው ለቀቀው፦

«አንተ ለዘር ነህ፤ ግባ! ደሞ እንዳምናው አትፈልፍለው፣ ልክ ይኑርህ!»