መቀሱ የተሰጠው ልጅ

አቶ ጥላዬ ለሰፈሩ ያሠራው ክሊኒክ እሑድ ሊመረቅ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት ንስሐ አባቱን ቤቱ ጠርቶ፣ «አባቴ፣ የቤተሰቤ ስም በደግ እንዲነሣ ከዚህ ሌላ ምን ላድርግ?» አላቸው። አባ ዘርዓ ዳዊት እንዲህ ሲሉ መለሱለት።

«አሜሪካ ውስጥ አንድ ባለጸጋ ነበረ። ስሙ ምን ያደርግልሃል፣ ምሳሌ ነው። አባቱ አገረ ገዢ፣ እሱ ራሱ ሴናተር፣ ትልቁ ልጁም ለምርጫ የሚወዳደር፤ ብቻ ሥልጣን ከዚያ ቤት ወጥቶ አያውቅም። ለጋሶችም ናቸው፤ አልዋሽባቸውም። ቤተ መጻሕፍት ሠሩ፣ የስንቱን ድሃ ልጅ አስተማሩ።

ምርጫ በመጣ ቁጥር ታዲያ ቤተሰቡ አንድ ላይ ፎቶ ይነሣና በየግድግዳው ይለጠፋል። ከፎቶው ግን ሁልጊዜ አንድ ልጅ ይጎድላል። የመጨረሻው ልጅ ነው፤ አእምሮው ከዕድሜው ወደኋላ የቀረ፣ ሰው ባየ ቁጥር የሚስቅ የዋህ። አባትየው ጨካኝ ሆኖ እንዳይመስልህ። «ሰው ይሳለቅበታል፣ ለእኛም አይበጅም» ብሎ ራቅ ያለ እርሻ ላይ ቤት ሠራለት፣ ሞግዚት ቀጠረለት። ምግቡ ሙሉ፣ አልጋው ምቹ። ያጣው ዘመዶቹን ብቻ ነው። እህቱ እየሄደች ትጠይቀዋለች፤ ልትመለስ ስትል የመኪናዋን በር ይዞ ያለቅሳል። እሷም መንገዱን ሙሉ ስታለቅስ ነው የምትገባው።

አንድ ጊዜ በቤተሰቡ ስም የተሠራ የሕፃናት ሆስፒታል ተመረቀ። ባለሥልጣኑም ጋዜጠኛውም ግጥም ብሏል። አባትየው መቀሱን አንሥቶ ሪባኑን ሊቆርጥ ሲል፣ እህትየው ወንድሟን እጁን ይዛ ከመኪና ወረደች።

«አባዬ፣ ይሄም ልጅህ ነው። እሱ ይቁረጠው» አለች።

ሰውዬው ክው አለ። ሕዝቡን አየ፣ ልጁን አየ። ልጁ ግን ምኑን ያውቃል! «አባዬ!» ብሎ ሮጦ አንገቱ ላይ ተጠመጠመ። አባትየው ምን ያድርግ፤ መቀሱን ሰጠው።

ልጁ ሪባኑን ቆረጠ፤ ቆርጦም አላበቃ። ቁርጥ ቁርጥ እያደረገ ለሰው ያድል ጀመር፤ ለከንቲባውም ለዘበኛውም። ከሰዉ ኋላ አንዲት ሴት እንደ እሱ ያለ ልጇን ካፖርቷ ውስጥ ሸፍና ቆማለች። ልጁ እሷም ጋ ደርሶ ቁራጩን ሲዘረጋ፣ ሴትዮዋ ካፖርቷን ከፈተችና ልጇን ብድግ አድርጋ ለሰው ሁሉ አሳየችው። አባትየው ይህን ሲያይ፣ ያን ሁሉ ጋዜጠኛ ረስቶ ስቅስቅ ብሎ አለቀሰ። ከዚያ ወዲያ ልጁ ወደ እርሻው አልተመለሰም። በየቤቱ ተደብቀው የነበሩ ልጆችም በእናቶቻቸው እጅ ተይዘው ወደዚያ ሆስፒታል መምጣት ጀመሩ።

እንግዲህ ልጄ፣ አንተም ክሊኒክ ሠርተሃል፤ እግዜር ይስጥህ። ግን እንግዳ በመጣ ቁጥር ያችን የዋህ ልጅህን፣ ማኅደርን፣ ጓዳ አስገብተህ ትቆልፍባታለህ። አትደንግጥ፣ አውቃለሁ። ለማታውቀው በሽተኛ በር ከፍተህ በገዛ ልጅህ ላይ ትዘጋለህ? ያ ሰው ሕንፃ ሲሠራ ኖሮ ቤተሰብ የሆነው ያን ቀን ነው። አንተም ስምህን መጀመሪያ እሷ በደግ ታንሣልህ፤ የሌላው ሰው ይደርሳል። አሁንም እኔን ስትጠብቅ ቆልፈህባት ነው ወደ ሳሎን የመጣኸው፣ አይደል? በል ተነሥ፣ ክፈትላት። ብቻህን ከከበደህ እኔም አብሬህ እገባለሁ።»