ዝቅ አልል ያለችው ሁለት ቁጥር

አንድ ይልቃል የሚባል የውሃ ባለሙያ በሐይቅ ዳር ይኖር ነበር። ሥራው በየማለዳው በዓሣ ማርቢያው ኩሬ ውስጥ ያለውን ኦክስጅን ለክቶ፣ ልኬቱን በኮምፒውተር በመስመር ሥዕል አውጥቶ በኩሬው በር ላይ መለጠፍ ነው። ለኩሬው ንጹሕ ውሃ ከሚመጣበት ቦይ አትክልተኞችም ይጠጣሉ፣ አትክልታቸውንም ያጠጣሉ። ስለዚህ መስመሩ ኦክስጅን ማነሱን ከሚያሳየው ቀይ ምልክት በታች መውረዱ በወረቀት ሳይታይ ዓሣ አርቢዎቹ ቦዩን እንዳይከፍቱ በሽማግሌ ፊት ተስማምተዋል። ወረቀት ከሌለ ውሃ የለም።

ይልቃል ጠንቃቃ ሰው ነው፤ ጥንቃቄው ግን አንዳንዴ ልክ ያጣል። አንድ ሰሞን ከዋናው መሥሪያ ቤት እንግዶች ይመጣሉ ተባለና ሥዕሉን ሊያሳምር ተነሣ። በጠርዙ ላይ በተጻፈው የኦክስጅን ቀመር ውስጥ ያለችው ሁለት ቁጥር ከፊደሉ እኩል ቆማ አያትና ከነከነችው። ቦታዋ ከፊደሉ ግርጌ ነው፤ ያውም አነስ ብላ። አር በሚባለው የስታቲስቲክስ ፕሮግራም ቋንቋ ቢያዛት እምቢ አለች። ክብ ቅንፍ ቢጨምርላት ቅንፉ ራሱ ሥዕሉ ላይ ወጥቶ ቁጭ አለ። ማለዳ ይለካል፣ ልኬቱን ያስገባል፣ ከዚያ ቀኑን ሙሉ ከቁጥሯ ጋር ግብግብ ነው። በሩ ላይ ያለው የድሮው ወረቀት ነበር።

የአርቢዎቹ አለቃ ጋሽ ዳንጊሶ በየቀኑ እየመጡ አዲሱን ወረቀት ይጠይቁታል። ዓሦቹ ወደ ላይ እየወጡ አፋቸውን ይከፍታሉ፤ ኩሬው ደግሞ የአሥራ ሁለት ቤተሰብ የዓመት ተስፋ ነው። እሱም ጽሑፉን አስተካክሎ ነገ እንደሚለጥፍ ይነግራቸዋል።

በሦስተኛው ቀን ከሰዓት የሐይቁ ነፋስ በመስኮት እየገባ ይልቃልን ጠረጴዛው ላይ እንቅልፍ ሸለብ አደረገው። በሕልሙ ኩሬው ውስጥ ነበር። ውሃው ለብ ያለ፣ ብርሃኑ አረንጓዴ። ያቺ ሁለት ቁጥር እንደ ዳክዬ አንገቷን ቀልሳ አጠገቡ ትንሳፈፋለች። ቀስ ብላ ቁልቁል መውረድ ጀመረች፤ ደስ ብሎት ተከተላት። ታች ጭቃው ላይ ስትደርስ ተደላድላ ተቀመጠች። ሊያመሰግናት አፉን ቢከፍት ትንፋሽ አጠረው።

«እኔስ ቦታዬን ያዝኩ» አለችው፤ «አንተ ግን የምትተነፍሰው የለህም።»

ባንኖ ነቃ። ወዲያው ትዝ ያለው ግን ባለማዕዘኑ ቅንፍ ነበር። ቁጥሯን በእሱ ቢያቅፋት ዝቅ ብላ ቦታዋን ያዘች። በደስታ አትሞ ወደ በሩ ሮጠ። ጋሽ ዳንጊሶ እዚያው ተቀምጠው ነበር። ወረቀቱን ሲቀበሉ ጽሑፉን አላዩትም፤ ጣታቸውን መስመሩ ላይ አሳረፉ።

«ልጄ፣ ይህ ከቀዩ በታች የወረደው መቼ ነው?»

ይልቃል መስመሩን ገና አሁን አየው።

«ከትናንት በስቲያ፣ ጋሼ።»

«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» እንዲሉት ጠብቆ ነበር። እሳቸው ግን ወረቀቱን ይዘው ወደ ቦዩ ሄዱ። ውሃው ተከፈተ። ግማሹ ዓሣ ተረፈ፤ ግማሹ ሆዱን ወደ ሰማይ አዙሮ ነበር። ይልቃል ከአርቢዎቹ ጋር የሞተውን ሲለቅም አመሸ፤ እየለቀመም አለቀሰ።

ከዚያ ወዲህ መጀመሪያ መስመሩን ይለጥፋል፤ ቁጥሯን ከሰዓት ያሳምራል።

ትንሿን ነገር በቦታዋ ማስቀመጥ ደግ ነው። ነገር ግን ሰው ሕይወቱ ተንጠልጥሎበት የሚጠብቀውን ሥራ ለማሳመር ብለን ስናቆየው፣ ውበቱ ለእኛ፣ ጉዳቱ ለእሱ ይሆናል። እናንተስ «ትንሽ ላስተካክለው» ብላችሁ ያቆያችሁት ነገር የለም? በሩ ላይ ተቀምጦ የሚጠብቃችሁ ማን ነው?