ለጎረቤት የተፈታ ብረት

አንድ ስመኘው የሚባል ገበሬ በሬዎቹን ሸጦ ከባሕር ማዶ የመጣ ያገለገለ ትራክተር ገዛ። ሰፈሩ ሁሉ «እሰይ፣ ደግ አደረግህ!» አለው። እውነትም ደህና አረሰበት። ምን ያደርጋል፣ አንድ ዓመት ሰኔ መጣሁ መጣሁ ሲል፣ መሪውን ከፊት ጎማ ጋር የሚያያዘው ብረት ቀጭ ብሎ ተሰበረ።

ስመኘው በንዴት የተሰበረውን ብረት ለቀጥቃጩ ሰጠና «በል ለአማቴ ማረሻ አድርገው፤ ለእኔማ አልሆነኝም» አለው። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይሄ ነው! ከተማ ወርዶ መለዋወጫ የሚሸጥበት ሰፈር ሲደርስ የመጀመሪያው ጥያቄ «አሮጌው የታለ?» ሆነ።

«ማረሻ ሆኗል» አለ።

ባለሱቆቹ በሳቅ ሞቱ። የትራክተሩን ዓይነት ቢጠይቁት «ቀይ ነው» አላቸው። በክንዱ ለክቶ፣ በጣቱ አየር ላይ ስሎ፣ ይመስላል ያሉትን ይዞ ተመለሰ። ሲገጥመው አጠረ። በሬ የለ፣ ትራክተር የለ፤ መሬቱ ጦም ሊያድር ነው።

በዚያ አገር የእሱን ዓይነት ትራክተር ያላቸው ጎረቤቱ ጋሽ እንግዳ ብቻ ነበሩ። ከእሳቸው ጋር ደግሞ በወሰን ተጣልተው ሰላምታ ካቆሙ ከርመዋል። ሚስቱ ትርንጎ «ሂድና ለምናቸው እንጂ! ኩራት እራት አይሆንም» አለችው። እያፈረ ሄደ።

ጋሽ እንግዳ እያረሱ ነበር። ሞተሩን አጥፍተው ችግሩን እስከ መጨረሻው ሰሙት። ከዚያ መፍቻቸውን አነሱና ትራክተራቸው ሥር ተንበረከኩ።

«ኧረ ጋሽ እንግዳ፣ ምን እያደረጉ ነው? እኔ እኮ ልኩን በገመድ ልወስድ ነው የመጣሁት!»

«በግምት የገዛኸው አይደል ያጠረብህ? ናሙናውን ይዘህ ሂድ።»

«እርስዎስ በምን ሊያርሱ ነው?»

«እኔ በሬዎቼ አሉ። አንተ ምን አለህ?»

ስመኘው እንባው መጣ። «የወሰኑ ነገር...» ብሎ ሊጀምር ሲል «ወሰኑ የትም አይሄድም፤ አንተ ቶሎ ተመለስ» አሉት።

ከተማ፣ አንዲት ባለሱቅ ብረቱን ተቀብላ ግራሶውን በጨርቅ ጠረገችለት። ወደ ብርሃን አውጥታ አየችውና ደነገጠች።

«ይሄ ከሚሠራ ትራክተር ላይ ነው የተፈታው?»

«አዎ፣ ሲያርስ ከነበረ።»

«እስቲ ና እየው።» ግራሶው የሸፈነው ስንጥቅ ብረቱን ቆርጦ ሊጨርሰው ጥቂት ቀርቶታል። «ባለቤቱን ፈጣሪ ይወደዋል በለው» አለችው።

የጋሽ እንግዳ ማሳ ገደል አፋፍ ላይ ነው። እዚያ ሲዞሩ መሪው እምቢ ቢላቸው ኖሮስ? ስመኘው ሁለት ብረት ገዝቶ በመጀመሪያው መኪና ተሳፈረ።

ጋሽ እንግዳ ስንጥቁን አገላብጠው አዩና ባርኔጣቸውን አወለቁ። «አንተ ባትመጣ ኖሮ በማግስቱ ገደል ልገባ ነበር» አሉ። ስመኘው እግራቸው ላይ ሊወድቅ ሲል ያዙት። እሱ «እርስዎ አተረፉኝ» ይላል፤ እሳቸው «አንተ ነህ እንጂ ያተረፍከኝ» ይላሉ። ተቃቅፈው ሲላቀሱ ትርንጎ ደረሰች።

«ኧረ እናንተ ሰዎች! ተመስገን በሉና ብረቱን ግጠሙ። ዝናቡ እናንተ ተመሰጋግናችሁ እስክትጨርሱ አይጠብቅም!»

ገጠሙት። በዚያ ክረምት ሁለቱም ማሳ በጊዜው ዘር ገባበት፤ ወሰኑንም አንድ ቀን ማለዳ ጎን ለጎን ቆመው ተካለሉ።

ወገኖቼ፣ ለሰው ስንሰጥ የጎደለብን ይመስለናል። ጋሽ እንግዳ ብረቱን ለጎረቤታቸው ብለው ባይፈቱት ስንጥቁን ማን ያሳያቸው ነበር? የረዳንን ሰው ማመስገን ሁላችንም እናውቅበታለን። እርዳታ ፈልጎ ደጃችን የቆመውንስ? እሱም ሳያውቀው ሊያድነን የመጣ ሊሆን ይችላል፤ እሱንም እናመስግነው።

እስቲ እርስዎ ያስቡ፦ በሥራዎ መሐል መጥቶ ያስቸገረዎት ሰው ማን ነበር? ከምን እንዳዳነዎትስ ያውቃሉ?