ትቆየኝ የተባለችው የዘር ቅል

በቆላው አፋፍ ሥር ባለችው በቀጭን ውኃ መንደር፣ የማሽላ ዘር የሚቀመጥባትን አንገተ ቀጭን ትንሽ ቅል ሰዉ ሁሉ «ትቆየኝ» ይላታል። ከሌላ አገር የመጣ እንግዳ ስሙን ሲሰማ፣ ዘሯ እስከ ክረምት ትቆየኝ ለማለት የወጣ ይመስለዋል። ሽማግሌዎቹ ግን የሰው ስም ነው ይላሉ።

እንደሚነገረው፣ ከብቱ ባለቀበት፣ አንበጣም አዝመራውን ጠርጎ በበላበት በዚያ ክፉ ቀን፣ የመንደሩ ሰው የተረፈችውን ጥቂት ዘር በአንዲት ቅል ጨምሮ፣ አፏን በሰም አትሞ፣ ውባንቺ ለምትባል ባሏ ለሞተባት ሴት አደራ ሰጣት። የመረጧትም እጇ የሰው ነገር የማይነካ ስለሆነ ነበር ይባላል። ውባንቺ ልጅ በልጅ ላይ ቀብራ የቀረቻት አንዲት ሴት ልጅ ብቻ ነበረች፤ ይቺስ እንኳ ትትረፍልኝ ብላ ትቆየኝ ያለቻት።

ራቡ ሲበረታ ሥራሥርና ቅጠል እየቀቀለች ልጇን ስታቆይ ሰነበተች፤ ኋላ እሱም ጠፋ። ልጅቱ ቅሏን እየነቀነቀች ድምጿን ስታዳምጥ ትውል ነበርና፣ አንድ ቀን በውስጧ ያለው ምን እንደሆነ እናቷን ጠየቀቻት። ውባንቺም የሰው አደራ መሆኑን፣ ዝናብ ሲጥል አገር የሚዘራው መሆኑን ነገረቻት።

ልጅቱም «እንግዲያው ዝናቡ ሲመጣ እንበላለን» አለች። ከዚያ ወዲህ አልጠየቀችም። እናቲቱ ሰሙን በጥፍሯ መፋቅ ጀምራ፣ የጎረቤቶቿ ልጆች ፊት እየታያት ተወችው ይባላል። ትቆየኝ ዝናቡን ሳታይ ሞተች።

ሰማዩ ሲከፈት ሽማግሌዎቹ ዘሩን ሊቀበሉ መጡ፤ ውባንቺም ቅሏን እንደታተመች አወጣችላቸው። ከሁሉ በዕድሜ የሚበልጡት አባ ይርዳው በሰሙ ላይ የጥፍር ጭረት አይተው በጣታቸው ዳሰሱት።

«ልጄ፣ ለሕፃኗ እፍኝ ብትዘግኚላት ማን ይጠይቅሽ ነበር?» አሏት።

«ይህን የነገረኝ ሰው አልነበረም» አለች።

በዚያ ዓመት ማሽላው ሰው የሚሰውር ሆኖ በቀለ፤ ውባንቺ ግን እሸቱን ሳትቀምስ ኖራ ሞተች ይላሉ። ሰዎች በእሷ ፊት ዘር ብሎ መጥራት እየከበዳቸው «የትቆየኝ ቅል» ይሉ ነበርና፣ እያደር ቅል የሚለው ወድቆ የልጅቱ ስም ብቻውን ቀረ።

ዛሬ በቀጭን ውኃ የዘር ቅል በሰም አይታተምም፤ አፉ በሣር ይወተፋል እንጂ። አደራ ሰጪውም ሲያስረክብ፣ ተቀባይዋ ልጅ ኖራትም አልኖራት፣ «ልጅ ካለቀሰ ክፈቻት» ሳይላት ቅሏን ከእጁ አይለቅም።