ከበሩ ጀርባ ያለከለከው ሯጭ

አንድ የሚሮጥ ሰው ነበረ። አትሳቂ ልጄ፤ ጥያቄሽን እየመለስኩልሽ ነው። «ይህ ሁሉ ሰው አይዞሽ እያለኝ ለምንድን ነው ብቻዬን የቀረሁት?» ብለሽ ጠየቅሽኝ። እኔም አንድ የሚሮጥ ሰው ነበረ እልሻለሁ። እስኪያልቅ ዝም ብለሽ ስሚኝ።

ይህ ሰው የሚሮጠው ሜዳልያ ፍለጋ አልነበረም። ሩጫ የጀመረው ጡረታ ከወጣ፣ ሆዱም ከገፋ በኋላ ነው። ዕድሜውን ሙሉ መጋዘን ውስጥ ተቀምጦ ዕቃ ሲያስገባና ሲያስወጣ ኖሮ፣ ጡረታ በወጣ ሰሞን ሐኪም «ደም ግፊትዎ አላማረኝም» አለው። በዚያው ዓመት ሚስቱ ሞተችበት። ልጆቹ የየራሳቸውን ጎጆ ይዘዋል፤ በዓል ሲሆን ይመጣሉ፣ በልተው ጠጥተው ጉልበቱን ስመው ይሄዳሉ። ሌላውን ቀን ቤቱ ውስጥ የሚሰማው የፍሪጁ ድምፅ ብቻ ነው። አንድ ማለዳ ታዲያ ያ ድምፅ አላስቀምጥ ቢለው ወጥቶ ከከተማው ዳር ያለው ሜዳ ድረስ ሄደ። እዚያ እንደሱው የሸበቱ ወንዶችና ሴቶች ቱታ ለብሰው ሲሮጡ አገኘ። ሲሮጡ የምለው ለክብራቸው ነው እንጂ፣ ያለ ማጋነን ፈጠን ያለ እርምጃ ነበር። «ይግቡ፣ ይግቡ» አሉት። ገባ።

ስሙ አበጋዝ ነበር፤ ጋሽ አበጋዝ ይሉት ጀመር። እሱም ቀስ በቀስ ለመደ፤ ሆዱም ጎደለ፣ እንቅልፉም ተመለሰ።

የነዚህ ሰዎች ሥርዓት እንዲህ ነው። ሁሉም በየቀኑ ሜዳው ላይ አይገናኝም፤ አንዱ በሰፈሩ፣ ሌላው በአስፋልቱ ዳር ይሮጣል። ሮጦ ሲጨርስ ግን ትንፋሹ ሳይሰበሰብ ስልኩን ወደ አፉ ያስጠጋና በቴሌግራም ለሁሉም ድምፁን ይልካል። የት ድረስ እንደሄደ፣ የቱ ጋ እንደደከመው፣ ምኑን እንዳመመው ይናገራል። ከዚያ መልሱ ይዥጎደጎዳል። «በርቱ!» «ጀግና!» «ጉልበትዎን ለብ ባለ ውሃ ይያዙት!» «ነገም እንዳይቀሩ!» ረጋ ያለ ድምፅ የላከ ሰው ግን አይታመንም፤ «ይሄማ ከአልጋ ሳይወርድ ነው» ብለው ይስቁበታል። እነሱ ዘንድ የሮጠ ሰው የሚታወቀው በማለክለኩ ነበር።

ሜዳ ለሚመጡት ደግሞ ሌላ ልማድ ነበራቸው። የተጎዳ ሰው ቤቱ አይቀርም፤ ሜዳው ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጦ የሯጮቹን ጃኬት ይጠብቃል። ጋሽ አበጋዝ ምላሱ ስለታም ነውና እዚያ የተቀመጠውን ሁሉ «ቁምሳጥን» ብሎ ሰየመው። «የኛ ቁምሳጥን እንዴት አደሩ? በርዎ በደንብ ይዘጋል?» ይላል። ሰው ይስቃል። የተጎዳውም አብሮ ይስቃል፤ ምን ያድርግ።

እንዲህም ሆኖ ይወዱት ነበር፤ መውደዳቸውም ያለ ምክንያት አልነበረም። ሰው ሲቀር መጀመሪያ የሚደውለው እሱ ነው። ከመካከላቸው እትዬ ፈለቀች የምትባል የስልክ ቤት ጡረተኛ ነበረች። ባሏን ከቀበረች በኋላ ከቤት መውጣት ጠልታ ተኝታ ስትውል፣ በየማለዳው ድምፁን እየላከ «እትዬ፣ ፀሐይዋ እርስዎን እየጠየቀች ነው፤ ምን ብዬ ልመልስላት?» ይላት ነበር። ስቃ ተነሣች። ከአልጋ ያስነሣት የሱ ድምፅ ነው ቢባል ውሸት የለውም።

ከዚያ እንግዲህ አንድ ማለዳ ቁልቁለቱን ሲወርድ ከተረከዙ በላይ ያለው ጅማት ወጋው። ሲያነክስ ቤቱ ገባ። ያልፋል ብሎ ቢጠብቅ አላለፈም። ሐኪም ዘንድ ቢሄድ ሐኪሙ ራጁን ወደ ብርሃኑ ከፍ አድርጎ አየና፣ እግሩን ሳይነካው፣ «ከእንግዲህ ሩጫ ይቅርብዎት» አለው። ቀጥሎም «የሚቀጥለው ይግባ» አለ።

ወደ ቤቱ ሲመለስ በሐሳብ ተብሰለሰለ። ቢነግራቸው ምን ይሆናል? ድንጋዩ ላይ ያስቀምጡታል። ራሱ ባወጣው ስም ራሱ ይጠራበታል። ይህንንስ ይችለው ነበር፤ የፈራው ከዚያ በኋላ ያለውን ነው። ሰሞኑን «እንዴት ሆነ እግርዎ?» ይሉታል፤ ሲሰነብት ይረሱታል፤ ሯጭ የሚያወራው ከሯጭ ጋር ነው። እንዲህ መሰለው። ያ ስልክ በማለዳ መጮኹን ያቆመ ቀን ደግሞ ከፍሪጁ ጋር ሁለት ብቻቸውን ሊቀሩ ነው። ይህ እንዳይሆን የማላደርገው የለም አለ።

በማግስቱ ማለዳ ተነሥቶ ቱታውን ለበሰ፣ የስፖርት ጫማውንም አጠለቀ። ወጥቶ የግቢውን በር ከውስጥ ቆለፈ። ከዚያ በአንድ እጁ በሩን ተደግፎ፣ በደህናው እግሩ እንጣጥ እንጣጥ እያለ፣ ሌላውን እጁን እንደ ወፍጮ አሽከረከረው። የጎረቤት ውሻ በአጥሩ ቀዳዳ ታየዋለች። ልቡ ሲመታ፣ ትንፋሹ ሲቆራረጥ፣ ስልኩን አነሣ። «ዛሬ... በሰፈሬ በኩል ነው... ዳገቱን... ሁለት ጊዜ ወጣሁት!»

መልሱ እንደ ወትሮው መጣ። «አይ ጋሼ! የብረት ሰው!» «እርስዎን እያየን ነው የምንነሣው!» እትዬ ፈለቀችም «ጋሼ ይበርቱ፤ እግዜር ጉልበትዎን አያድክመው» አለች። በሩን ተደግፎ ሁሉንም አዳመጠ። ደስ አለው፤ ደስታው ግን ገብቶ ቁርሱን እስኪያቀርብ እንኳ አልቆየም።

በማግስቱም እንዲሁ አደረገ፤ ከዚያም ወዲያ። ለምን ሜዳ እንደማይመጣ ሲጠይቁት «ዳገት ይሻለኛል» አለ። እሱንም አመኑት። አንዳንድ ቀን የተላከለትን መልካም ቃል ሁሉ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ደግሞ ደጋግሞ ያዳምጠዋል፤ ይሞቀኛል ብሎ እኮ ነው። አይሞቀውም። ይባስ ብሎ ይቆጣቸው ጀመር። «ይህን ያህል ጊዜ አንድ ሰው እንኳ አይጠረጥርም? አንድ ሰው መጥቶ እግሬን አያየውም?» እያለ ብቻውን ያጉተመትማል። እንዳያዩት በር የቆለፈው ራሱ ነው፤ አላዩኝም ብሎ የሚያኮርፈውም ራሱ ነው። ሰው እንዲህ ነው፤ አልፈርድበትም።

አንድ ቀን እትዬ ፈለቀች ድምፅ ላከች። «እናንተ፣ ተረከዜን አካባቢ ያመኝ ጀምሯል። ስነሣ ይብሳል። ልተወው ወይስ ልሩጥ? ጋሽ አበጋዝ ምን ይላሉ?» አለች። ሁሉም የሱን መልስ ነው የሚጠብቁት። ጋሽ አበጋዝ ያን ሕመም አብጠርጥሮ ያውቀዋል። ማለዳ እንዴት እንደሚነክስ፣ ደረጃ ሲወርዱ እንዴት እንደሚያስጮኽ ያውቃል። «ይተዉት» ሊላት ስልኩን አነሣ። ከዚያ «እርስዎስ በምን አወቁት?» ብትለኝስ ብሎ አሰበ። በሩን ይዞ እንጣጥ እንጣጥ አለና «እኔንም... ይዞኝ ነበር... ሮጬ ሮጬ አስለቀቅሁት! እሱን ካስታመሙት... ይለምድብዎታል!» አላት።

«እርስዎ ካሉማ» አለች።

ሮጠች። ሕመሙ ሲብስባት «ይለምድብኛል» ብላ ጥርሷን ነክሳ ሮጠች። ጅማቷ ቁልቁለቱ ላይ ተበጠሰ፤ አብረዋት የነበሩት ሲበጠስ ሰምተናል ይላሉ። ወድቃ ስትጮኽ ተሸክመው ሐኪም ቤት ወሰዷት። ቀደው ሰፏት፣ እስከ ጉልበቷ ድረስ በጀሶ ጠቀለሏት። «ከእንግዲህ ለመራመድ ከቻሉ ጥሩ ነው» አሏት።

ሯጮቹ ለጋሽ አበጋዝ ደወሉለት። «ጋሼ፣ የእርስዎን ቃል ትወዳለችና አንድ ነገር ይበሏት» አሉት። ስልኩን አንሥቶ በሩ ጀርባ ቆመ። እንደ ልማዱ እንጣጥ ሊል እግሩን አነሣና መልሶ አወረደው። ስልኩን ኪሱ ከትቶ በሩን ከፈተና እያነከሰ ወደ ታክሲ መያዣው ሄደ።

ቤቷ ሲደርስ እህቷ አስገባችውና የሚጠጣ ላምጣ ብላ ወጣች። እትዬ ፈለቀች የታሰረ እግሯን ትራስ ላይ ሰቅላ አልጋዋ ላይ ነበረች።

«እትዬ፣ እግዜር ይማርዎት» አለ በሩ ላይ ቆሞ።

«አሜን ጋሼ። ይግቡ እንጂ፣ ምነው ቆሙ?» አለች። ፊቷ ከስቷል፤ ቢሆንም እሱን ስታይ ፈካ አለ። «ዛሬስ ሮጡ?»

ክፋት አልነበረባትም፤ ሯጮች ሲገናኙ የሚጠያየቁት ነው። እሱም ከመልመዱ የተነሣ ትንፋሹ ፈጠን ሊልበት ዳድቶ ነበር። ዓይኑ ግን ጀሶው ላይ አረፈ።

«አልሮጥኩም» አለ። «ክረምቱ ከወጣ ጀምሮ ሮጬ አላውቅም። ጅማቴ ተጎድቷል። ከበሬ ጀርባ ቆሜ እያለከለክሁ ነው ድምፅ የምልክላችሁ። ሮጬ አስለቀቅሁት ያልኩዎትም ውሸት ነው። ዛሬም ያመኛል።»

ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። እህቷ ማጀት ውስጥ ብርጭቆ ስታጥብ ይሰማል።

«ታዲያ እኔ» አለች በመጨረሻ፣ ፊቷን ሳትመልስ፣ «በየማለዳው ጋሼ ይበርቱ፣ እግዜር ጉልበትዎን አያድክመው እያልኩ ስመርቅ የነበረው ማንን ነው?»

ገባ ብሎ ባርኔጣውን አወለቀና አልጋው ጠርዝ ላይ አኖረው።

«ማንን ነው የምልህ!» አለች። አንቱታውን ጣለችው።

«እኔን አይደለም» አለ። «እኔ ዘንድ አንድም ቀን ደርሶ አያውቅም።»

ባርኔጣውን አንሥቶ ወደ በሩ ዞረ። የሚደብቀው ነገር ስለሌለ እንደ ልቡ እያነከሰ ሄደ። እሷም ቀና ብላ አካሄዱን አየች።

«ቆይ» አለችው። «ይቅር አላልኩህም። እንዳይመስልህ። እንጃ፣ አልልህም ይሆናል። ግን ና እግርህን አሳየኝ።»

«ምን ያደርግልሻል?»

«አሳየኝ አልኩህ!»

አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ፤ ጫማውንና ካልሲውን አወለቀ። እሷ የታሰረ እግሯን እንደዘረጋች በጭንቅ ጎንበስ አለችና በአውራ ጣቷ ከተረከዙ በላይ ዳበሰችው። «እዚህ ጋ ነው?» አለችው። «ትንሽ ከፍ በይ» አላት። ከፍ ብላ ስትጫነው ጮኸ። ጮኾ ሳይጨርስ ልቅሶው መጣ፤ ያ ሽማግሌ ሰው ጫማውን እንደያዘ ተንሰቅስቆ አለቀሰ። እግሩ ከተጎዳ ወዲህ ሰው ሲነካው የዚያን ቀን የመጀመሪያው ነበር። እሷም እጇን አላነሣችም።

እንግዲህ ልጄ፣ አሁን ወደ አንቺ ልምጣ። ባልሽ ጥሎሽ ከወጣ ወዲህ ለጎረቤትሽ ሁሉ «ለሥራ ክፍለ ሀገር ሄዷል» እንደምትዪ ለኔ ብቻ ነግረሽኛል። ጎረቤቶችሽ ደጎች ናቸው፤ ባገኙሽ ቁጥር «አይዞሽ፣ በሰላም ይመልስልሽ» ይሉሻል። ከልባቸው ነው። ነገር ግን ያ ምርቃት የሚሄደው መንገድ ላይ ላለ ባልና እሱን ለምትጠብቅ ሚስት ነው። እነዚያ ሁለት ሰዎች ደግሞ የሉም። አንቺ ከዳር ቆመሽ፣ ያ ሁሉ ደግነት ወደሌለ ቤት ሲገባ ታያለሽ፤ ከዚያ ለምን አልሞቀኝም ብለሽ እኔ ዘንድ ትመጫለሽ።

ጎረቤቶችሽን አትቀየሚ። ለሁሉም ንገሪ አላልኩሽም፤ አንዷን ምረጪ። ዋሽተሽኛል ብላ ትቆጣሽ ይሆናል፤ ትቆጣ፣ እውነቷን ነው። ሐሜትም ይኖራል፤ እሱን አላስቀርልሽም። እንደዚያ ተቆጥታ፣ እንደዚያ አኩርፋ ሳለች «አይዞሽ» ያለችሽ እንደሆነ ግን፣ ያቺ አይዞሽ ያለችው አንቺን ነው።

በይ ሂጂ። በሩን ስትከፍትልሽ «ደህና ነሽ?» ትልሻለች። «አይደለሁም» በያት።