ማንም ያላየው ጭረት

ውድ የአላህ ባሮች፣ ሰላሙና እዝነቱ በእናንተ ላይ ይሁን። የዛሬው ወሬዬ ስለ አንድ መኪና አጣቢ አዛውንት ነው።

ስሟን በማልጠቅሳት አንዲት ጥንታዊ ከተማ፣ ከአሮጌው መስጂድ በስተጀርባ፣ ከዋንዛ ጥላ ሥር ሐጂ ሸረፋ የሚባሉ ሰው መኪና ያጥቡ ነበር። ባለቤታቸው ወደ አኼራ ከሄዱ ስድስት ዓመት ሆኗል፤ ልጅም አልነበራቸውም። ቤታቸው ገብተው «አሰላሙ ዐለይኩም» ሲሉ የሚመልስላቸው የለም። ቢሆንም ሳይሉ ገብተው አያውቁም። ቀን ቀን የሰው ድምፅ የሚሰሙት፣ መኪናቸው እስኪታጠብ ቆመው ከሚያወጓቸው ደንበኞች ብቻ ነበር።

በተለይ ጥቁር መኪና ያለው ሁሉ ወደ እሳቸው ይመጣል። ጥቁር ቀለም ምንም ነገር አይደብቅም። ሐጂ በፀሐይ በጋለ መኪና ላይ ውሃ አያፈሱም፤ ጥላ ውስጥ እስኪበርድ ይጠብቃሉ። አቧራውን መጀመሪያ በውሃ ብቻ ያወርዳሉ። ከዚያ ሁለት ባልዲ ያቀርባሉ፤ አንዱ ለሳሙናው፣ ሌላው ጨርቁን ለማለቅለቅ። ከጣሪያው ጀምረው ወደ ታች ይወርዳሉ፤ ውሃው ነጠብጣብ ሳይተው በለስላሳ ፎጣ ያደርቁታል።

አንድ ቅዳሜ ሙክታር የሚባል የጨርቅ ነጋዴ ጥቁር መኪናውን አመጣ።

«ሐጂ፣ ነገ የልጄ ኒካሕ ነው፤ የምትወጣው በዚህ ነው። እንደ መስታወት ያድርጉልኝ» ብሎ ወደ ገበያ ሄደ።

ሐጂ የኋላውን በር ሲያጥቡ ጨርቁ ከእጃቸው መሬት ወደቀ። የዐስር ሶላት ሊደርስ ስለነበር በጥድፊያ አለቀለቁት። አንዲት የአሸዋ ቅንጣት ግን ቀርታ ኖሮ፣ በሩ ላይ አንድ ስንዝር የሚሆን ቀጭን መስመር አወጣች። ደጋግመው ቢወለውሉትም አልጠፋም። የሚታየው ጎንበስ ብሎ ወደ ብርሃኑ ላየ ሰው ብቻ ነው።

ሙክታር ተመልሶ መኪናውን ሲያይ ፊቱ በራ። «ማሻ አላህ!» አለ።

«ልጄ፣ እዚህ ና። ጎንበስ በል» አሉት ሐጂ። «ይህን የጫርኩት እኔ ነኝ። አውፍ በለኝ።»

የሙክታር ፊት ተለወጠ። «በሠርጉ ዋዜማ? እጅዎ ደክሟል ሐጂ፤ ቤትዎ ቢያርፉ ይሻልዎታል» ብሎ በሩን ወርውሮ ዘጋና ሄደ።

ወሬው በከተማው ተዳረሰ። በመጀመሪያው ሳምንት ሁለት መኪና መጣ፤ በሚቀጥለው አንድም አልመጣም። ሐጂ ግን ጠዋት ጠዋት ባልዲዎቹን ይሞላሉ፤ መግሪብ ሲቃረብ ውሃውን ከዋንዛው ሥር ያፈሱታል። አንድ ቀን በዚያ ሳልፍ፣ «ባይናገሩ ኖሮ ማን ያውቅ ነበር?» አልኳቸው። «ተቀመጥና ትንሽ እናውጋ» አሉኝ። የማስተምርበት ሰዓት ደርሷል ብዬ አለፍኩ።

በሦስተኛው ወር ወይዘሮ ሉባባ የምትባል ሴት መጣች። ባሏ ከሞተ ጀምሮ ጥቁር መኪናው ግቢ ውስጥ ቆሞ አቧራ ለብሶ ነበር።

«መኪና ጫሩ የሚባሉት እርስዎ ነዎት?»

«አዎ፣ እኔ ነኝ።»

«ለባለቤቱስ ራስዎ ነገሩት?»

«ነገርኩት።»

«እንግዲያውስ ይህን ይጠቡልኝ። የማይሳሳት እጅ የትም አላገኘሁም፤ ያላየሁትን የሚነግረኝ ሰው ግን ይበቃኛል።»

በርጩማ ላይ ተቀምጣ ስለ ሟች ባሏ አወራች፤ ሐጂም እያጠቡ ስለ ባለቤታቸው አወሩ። ከዚያ በኋላ ማክሰኞ ማክሰኞ ትመጣለች። ሙክታር አልተመለሰም፤ ከድሮዎቹ ደንበኞችም ብዙዎቹ እንደራቁ ቀሩ።

ቆይቼ ሄድኩና ያንኑ ጥያቄ ጠየቅኳቸው። ፎጣቸውን እየጨመቁ እንዲህ አሉኝ፦ «ልጄ፣ ሰው ፊት የማደርገው ሥራዬ ነው። ብቻዬን ሆኜ የማደርገው ዲኔ ነው።»

ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ብዙዎቻችን ብቻችንን ስንሆን ተመልካች የሌለን ይመስለናል። ሐጂ ሸረፋ ሰው የሚርባቸው ሰው ነበሩ፤ ዝም ቢሉ ሰዉ ሁሉ ከእሳቸው ጋር ይቆይ ነበር። እያወቁ ብቸኝነቱን መረጡ። እሳቸው ፈተናውን አልፈዋል። የወደቅነው እኛ ነን። እውነት የተናገረን ሰው ብቻውን መተው፣ ሌላው ሁሉ እንዲዋሽ ማስተማር ነውና።